«ሴኩሪቲ»፦ የአንድ ቃል ጉዞ

የእንግሊዝኛው «ሴኩሪቲ» ወደ አማርኛ ሲመለስ እንደ ተሰባሪው አገባብ መልኩን የሚለዋውጥ ቃል ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት «ፀጥታ»፣ በስለላ መሥሪያ ቤት «ደህንነት»፣ በጡረታ ሕግ «ማኅበራዊ ዋስትና»፣ በባንክ ብድር «መያዣ» ይባላል። በአዲስ አበባ ሆቴሎች በር ላይ ቆሞ የሚፈትሸው፣ ትናንት «ዘበኛ» ይባል የነበረው ሰው ደግሞ ዛሬ ራሱ «ሴኩሪቲ» ሆኗል። ተርጓሚዎች ቃሉን እንዲህ መበተናቸው ከስንፍና የመጣ አይደለም። ቃሉ ራሱ በታሪኩ ልዩ ልዩ፣ አልፎ አልፎም እርስ በርስ የሚቃረኑ ፍቺዎችን ተሸክሞ የመጣ ነው።

ሥሩ ላቲን ነው። «ሴ» ማለት «ያለ»፣ «ኩራ» ማለት «ሐሳብ፣ ጭንቀት» ነውና፣ «ሴኩሩስ» የተባለው ሰው ሐሳብ የሌለበት ሰው ነበር። ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ በጻፋቸው የቱስኩሉም ክርክሮች «ሴኩሪታስ»ን ከነፍስ ጭንቀት ነጻ መሆን፣ የደስተኛ ኑሮ መሠረት አድርጎ ይፈታዋል። በዚህ ፍቺ ውስጥ ወታደርም ቁልፍም የለም፤ ጉዳዩ የልብ ጉዳይ ነው። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለውን የልብ ዕረፍት ለመሻት ጊዜ የነበረው የሮማ ባለርስት መሬቱን የሚያርሱለት ባሮች ነበሩት። የእነርሱ ሐሳብና ጭንቀት በሒሳቡ ውስጥ ብዙም አልገባም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ቃሉ ከግለሰብ ልብ ወጥቶ ቤተ መንግሥት ገባ። በኔሮ ዘመነ መንግሥት በተመቱ ሳንቲሞች ላይ «ሴኩሪታስ» ዘና ብላ የተቀመጠች ሴት ሆና ተቀረጸች፤ በዙሪያዋ ያለው ጽሑፍም ዕረፍቱ የንጉሠ ነገሥቱ መሆኑን ይናገራል። ያ ንጉሠ ነገሥት በ68 ዓ.ም. ከሮማ ሸሽቶ ራሱን አጠፋ።

ይሁንና ሐሳብ የሌለበት ሰው ተዘናግቶ ሊጠቃ የሚችል ሰውም ነው። ይህ ሁለተኛው፣ ጨለማው ፍቺ በእንግሊዝኛ ለረጅም ጊዜ ኖሯል። በሼክስፒር «ማክቤዝ» (1606 ገደማ፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ውስጥ ሔካቴ ለጀግናው ያዘጋጀችለት ወጥመድ ይኸው ነው፤ በትንቢት ተማምኖ ይዘናጋ፣ ተዘናግቶም ይጥፋ ትላለች። የምትጠቀምበት ቃል «ሴኩሪቲ» ነው። እዚህ ቦታ ላይ «ደህንነት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ትዕይንቱን ገደለው ማለት ነው፤ «መዘናጋት» ካልተባለ የጠንቋይቱ ተንኮል ተመልካች ዘንድ አይደርስም።

በገበያ በኩል የመጣው ፍቺ ሌላ ነው። እዚያ ያለ ሐሳብ መኖር የሚሻው አበዳሪው ነው፤ ሐሳቡንም ለባለዕዳው ያስተላልፈዋል። አማርኛ «ዋስ»ን ከ«መያዣ» ይለያል፤ አንዱ ሰው ነው፣ ሌላው ዕቃ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ጠራቸው፤ በኋላም ወረቀቱን፣ ማለትም በአክሲዮን ገበያ የሚሸጠውንና የሚገዛውን ሰነድ፣ በዚሁ ስም ጠራው።

ፈረንሣይ ውስጥ ከዚያው የላቲን ሥር የበቀለው «ሱርቴ» ዕጣው ይበልጥ ያስገርማል። በ1789 የወጣው የሰውና የዜጋ መብቶች መግለጫ ከነጻነት፣ ከንብረትና ጭቆናን ከመቃወም መብት ጋር «ሱርቴ»ን የሰው ልጅ የተፈጥሮ መብት አደረገው፤ ያለ ሕግ አለመታሰር ማለት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1792፣ ያው ቃል ተጠርጣሪዎችን እየያዘ ወደ አብዮታዊው ችሎት የሚልክ ኮሚቴ መጠሪያ ሆነ። ዜጋውን ከመንግሥት የጠበቀው ቃል መንግሥትን ከዜጋው ይጠብቅ ጀመር።

በ1935 ቃሉ በሁለት አቅጣጫ ተፈተነ። በኦገስት ወር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትናን ሕግ ፈረሙ፤ የእርሻና የቤት ሠራተኞች ግን ከጡረታው ውጪ ቀሩ። በኦክቶበር ደግሞ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወረረች። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች፤ በማኅበሩ ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ መሠረትም አንዱን አባል በጦርነት መድፈር ሁሉንም እንደ መድፈር ይቆጠር ነበር። «የጋራ ሴኩሪቲ» የተባለው ይህ ነው። ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ዘይትን ግን ተወው፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በአማርኛ ንግግር ሲጀምሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ጉዳዩ የአንድ አገር መወረር ብቻ ሳይሆን የዚያ ቃል ኪዳን መኖር አለመኖር መሆኑን አስረዱ። ማዕቀቡ በዚያው ክረምት ተነሣ።

በጃንዋሪ 1946 ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው ምክር ቤት ያንኑ ቃል በስሙ ይዞ ተነሣ። አምስቱ ቋሚ አባላቱ እያንዳንዳቸው የሌሎቹን ውሳኔ በአንድ ድምፅ መሻር ይችላሉ። የአማርኛ ተርጓሚዎች «የፀጥታው ምክር ቤት» አሉት።