ዘበኛው ሲነቃ

በአገራችን የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ነው እንላለን። ስሙ ለጆሮ ግጥም ይመስላል፤ ጥፋተኛውንም የሚፈልገው ከሌሊት ወፍ ክንፍ ሥር ነው። የዚህን ሕመም ታሪክ ሳነብ ያስደነቀኝ ታዲያ ሐኪሞችም ጥፋተኛውን በቀላሉ አለማግኘታቸው ነው።

ባሩክ ብሉምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ያገኘውን እንግዳ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ አደረገ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ልባስ ሆኖ ተገኘ፤ ብሉምበርግም በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሌባው ታወቀ ማለት ነው። ነገር ግን ቤቱን የሚያቃጥለው በአብዛኛው ሌባው አልነበረም። የተበከለውን የጉበት ሕዋስ የሚገድለው ሌባውን የሚያሳድደው ዘበኛ፣ የገዛ ራሳችን ነጭ የደም ሕዋስ ነው።

ዘበኛውን የሚያስተኛ መድኃኒት ደግሞ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1948 መስከረም፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ በመገጣጠሚያ ሕመም ለተያዘች ሴት ኮርቲሶን ወጓት፤ በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ያን ያየ ሐኪም ለተቆጣ ጉበትም ያንኑ ቤተሰብ መድኃኒት ቢያዝ አልፈርድበትም። እሳቱን የሚያነድደው ዘበኛው ከሆነ፣ ዘበኛው ይተኛ!

መልሱ በ1981 ከሆንግ ኮንግ መጣ። ከቫይረሱ ጋር ለሚኖሩ ሕሙማን፣ ለከፊሎቹ ፕሬድኒሶሎን፣ ለቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ተሰጠ። ፕሬድኒሶሎን የወሰዱት ማገገማቸው ዘገየ፤ መዘዙም ሞቱም በእነርሱ ላይ በረታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘበኛው ሲተኛ ጉበቱ ጸጥ ይላል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን ቫይረሱ ይራባል። መድኃኒቱ ሲቆም ዘበኛው ይነቃል፣ ግቢው በሌባ ተሞልቶ ያገኘዋል፤ እሳቱም ያን ጊዜ ይነሣል። የደም ካንሰር መድኃኒት በሚወስዱ ሕሙማን ላይ ይህ መልክ በ1975 በወጣ ጥናት ታይቶ ነበር። አንዳንዱ ሕመምተኛ ካንሰሩን አሸንፎ፣ ሊያመሰግን በተዘጋጀበት ሰሞን በጉበቱ ይሞታል።

ከሁሉ የከበደኝ የዳኑት ሰዎች ነገር ነው። ቫይረሱ ከደማቸው ጠፍቶም ዘሩ በጉበት ሕዋስ አስኳል ውስጥ ይቀራል። እኛ ባንክ ቤት ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሂሳብ እንደምንለው፦ ገንዘብ ወጪም ገቢም የለበትም፣ አልተዘጋም ግን። በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሪቱክሲማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን ሕዋሳት ዘር ያጠፋል፤ በዚህም ያንን ሂሳብ የሚያንቀሳቅስ ሆኖ ተገኘ። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ብርቱ ማስጠንቀቂያውን በመድኃኒቱ ላይ አተመበት።

ዛሬ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ደም ይመረመራል። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው እንደ ቴኖፎቪር ያለ ፀረ ቫይረስ አብሮ ይወስዳል፤ ሪቱክሲማብ ካቆመም በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንክብሉን በየቀኑ ይውጣል።