የጠባቂው ጠባቂ

አማርኛችን «መጠበቅ» በሚል አንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ዘብ የቆመ ወታደር ይጠብቃል፤ መንገድ መንገድ የምታይ ሚስትም ትጠብቃለች። ስለ ቃኘው ሻለቃ የተጻፈውንና የተነገረውን ሳስብ፣ ታሪካችን የዚህን ቃል ግማሽ አንብቦ ግማሹን የዘለለው ይመስለኛል።

የምናውቀው ግማሽ ይህ ነው። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ተነሣ። ስሙን ያገኘው ከልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ተጉዞ ፑሳን ደረሰ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥርም ተሰለፈ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሻለቃዎቹ እየተተካኩ ተዋጉ። ከ120 በላይ ወታደሮች ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም አልተማረከም። በዚህ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ የለም።

ነገር ግን ውጊያ የወታደር ሕይወት ጥቂቱ ክፍል ነው። የሚበዛው ምሽግ መቆፈር፣ ጠመንጃ መወልወል፣ ለሌሊት ቅኝት ተራ መጠበቅ፣ ከአሜሪካ ጦር የሚታደለውን የቆርቆሮ ምግብ መመገብ፣ ከዚያም ጨለማ ላይ ማፍጠጥ ነው። የኮሪያ ክረምት ደግሞ ውኃን በኮዳ ውስጥ ድንጋይ የሚያደርግ ነው። በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ጋቢ የለበሰች ሴት ትዝ የማትለው ሰው ማን ነው?

ይህን ሳስብ ልቤ ወደ ጓሳ ይሄዳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጠው በዚያ የመንዝ አምባ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ጠዋቱ ጉም ነው። የመንዝ ሴት የበግ ጠጉር ፈትላ የባና ድር የምታዘጋጀው ብርድን ስለምታውቀው ነው። መንዝ ደግሞ ወንዶቹን ለውትድርና ሲሰጥ የኖረ አገር ነው። ከዚህ ደጋ የወጣ ዘማች ብርዱን እንደ ሩቅ ዘመድ ሳይለየው አይቀርም፤ ባናውን የፈተለችው እጅ ግን ከእርሱ ጋር አልዘመተችም።

ጓሳ ስለ መጠበቅ የሚያስተምረን ሌላም ነገር አለው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። ባላባቶቹ «ቀሮ» በተባለው ሥርዓት፣ አለቃ መርጠው፣ ሦስትም አምስትም ዓመት ከአጨዳና ከግጦሽ ይከለክሉት ነበር። ሣሩ እስኪጎለምስ ሁሉም በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ ያረጀ ጣሪያም ይታደሳል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ አንሥቶት ጓሳ ዛሬም ይጠበቃል። በዚያ ባህል መጠበቅ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይደለም፤ ራሱ ሥራ ነው። ስሙም፣ ዳኛውም፣ ክብሩም አለው።

ታዲያ ዘማች ባሏን ስትጠብቅ የከረመች ሴት ሥራዋ ስም ያጣው ለምንድን ነው? ማሳው ይታረስላት፣ ልጁ ይታመምባት፣ ጣሪያው ያፍስባት ነበር፤ ይህ ሁሉ በየትኛው የጦር ሪፖርት ይገባል? ሰው በድፍረት ሁለት ስንኝ ቢቋጥር አይፈረድበትምና፣ እኔም እንዲህ ብያለሁ፦

ዓለምን ሊጠብቅ ሄደ ባሕር ተሻግሮ፤
እርሱን ስትጠብቀው ማን ጠየቃት ኑሮ?

ናፍቆቱ ግን ጨርሶ ሳይታይ አልቀረም። ወታደሮቹ ከሲዮል በስተሰሜን በምትገኘው ዶንግዱቾን፣ ጦርነቱ ወላጅ ላሳጣቸው ሕፃናት መጠለያ አቋቁመው ከደመወዛቸው ይረዱ ነበር። ይህ ሁልጊዜ ስለ ርኅራኄ ይነገራል፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን ሌላም አነብበታለሁ፦ የራሱን ልጅ ራስ ሊዳብስ ያልቻለ እጅ የሰው ልጅ ራስ ላይ ሲያርፍ።

የኋላው ታሪክ ለጠባቂም ለተጠባቂም አልራራም። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ክቡር ዘበኛ ተበተነ፤ ከ1966 በኋላም ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነና የዘማቾቹ ሜዳሊያ ከግድግዳ ወርዶ ወደ ሣጥን የሚገባበት ዘመን መጣ። ዛሬ በቹንቾንም በአዲስ አበባም ሐውልት ቆሞላቸዋል። ለሚስቶቻቸው የቆመ ግን አላየሁም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ በመስኮቴ የሚያልፈው የሐዋላ ገንዘብ ነው። ዛሬ ባሕር የምትሻገረው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ናት፤ ቤሩት ወይም ጅዳ ናት፤ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው ባል ነው። ገንዘቡን በሳንቲም እንቆጥረዋለን፤ ናፍቆቱ ዛሬም መዝገብ የለውም።

የአባቶቻችን ደብዳቤ ምን ይል እንደነበር ልብ በሉ፦ «ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ናፍቆት ሁልጊዜ ከ«በስተቀር» በፊት ይመጣል፤ ደህንነቱ ኋላ ይከተላል። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ደህናውን ጽፈውልናል። «በስተቀር» የተባለውን መጻፍ ለእኛ ለስንኝ ቋጣሪዎች የቀረ ዕዳ ነው፤ ያውም የዘማቾቹ ሚስቶች ጥቂቶቹ እንኳ በሕይወት ሳሉ።