ሶፊ ዠርሜንና የአሸዋው መስመር

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ፊዚክስ ሲነሣ ጥግ ጥጉን መያዝ እናበዛለን። ስለ ቋሚ ሞገድ ስናነብ ያጋጠመን ታሪክ ግን የእኛም ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ለጓደኞቻችን ልናካፍል ወደድን።

ነገሩ የሚጀምረው ኤርንስት ክላድኒ በሚባል ጀርመናዊ ነው። ሰውዬው በስስ የብረት ዝርግ ላይ አሸዋ ነስንሶ ጠርዙን በቫዮሊን ደጋን ሲገዘግዘው ዝርጉ ይጮኻል፤ አሸዋውም እየዘለለ ሄዶ በመስመር በመስመር ይሰለፋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሞገዱ እስከ ጠርዙ ሄዶ ይመለሳል፤ ሂያጁና ተመላሹ ሲገናኙ ይደራረባሉ። በአንዳንዱ ቦታ ይደጋገፉና ዝርጉ በኃይል ይንቀጠቀጣል፤ በሌላው ቦታ አንዱ ሽቅብ ሲገፋ ሌላው ቁልቁል እየሳበ ይሻሻራሉ። አሸዋው የሚሰበሰበው እዚያ፣ ጸጥ ባለው መስመር ላይ ነው።

ክላድኒ ይህን እ.ኤ.አ. በ1787 አሳተመ። በ1809 ፓሪስ ላይ ናፖሊዮን ራሱ አየውና የፈረንሳይ የሳይንስ ሊቃውንት ሂሳቡን ለሚያገኝ ሽልማት አወጁ። ቀነ ገደቡ በ1811 ሲደርስ የቀረበው ጽሑፍ አንድ ብቻ ነበር፤ የሶፊ ዠርሜን።

ለመሆኑ ይቺ ሴት ማን ናት? በ1776 ፓሪስ ተወለደች። አብዮቱ በ1789 ሲፈነዳ የ13 ዓመት ልጅ ነበረችና ቤት ውስጥ ከአባቷ መጻሕፍት ጋር ዋለች። ወላጆቿ «ሂሳብ ለሴት ልጅ ምን ሊረባ!» ብለው ማታ ማታ ሻማዋን ይወስዱባት ነበር ይባላል፤ እሷ ግን በደበቀችው ሻማ ታነብ ነበር። በ1794 ኤኮል ፖሊቴክኒክ ሲቋቋም በሩ ለሴት ዝግ ነበር። ስለዚህ የመምህራኑን ማስታወሻ በሰው በኩል አስመጥታ አጠናች፤ የጻፈችውንም «ሙሴ ለብላን» በሚል የወንድ ስም ለላግራንዥ ላከች። ላግራንዥ እውነቱን ሲያውቅ አልተቆጣም፤ እንዲያውም አደነቃት።

በ1811 ስሌቷ ስሕተት ተገኘበትና ሽልማቱ ቀረ። በ1813 እንደገና ሞከረች፤ ያገኘችው የምስጋና ቃል ብቻ ነው። በሦስተኛው፣ በ1816 ተሸለመች። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ግን አልተገኘችም።

«ሥራዋ እኮ እስከ መጨረሻው ጉድለት ነበረው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የዝርጉን ጠርዝ ጉዳይ በ1850 በትክክል ያስቀመጠው ኪርሆፍ ነው። ታዲያ ጉድለቱ የማን ነው? ጭንቅላት አልጎደላትም። የጎደላት ስሕተቷን በጊዜው የሚያርምላት መምህርና አብሯት የሚከራከር የክፍል ጓደኛ ነው። እኛ በየቀኑ አግኝተነው የምንሰለቸው ነገር መሆኑ ነው።

በ1831 ስትሞት የሞት ምስክር ወረቀቷ ከንብረቷ ገቢ የምትኖር ሴት አላት እንጂ የሂሳብ ሊቅ አላላትም። በ1889 የኤፌል ግንብ ሲመረቅ ከተጻፉበት 72 የሊቃውንት ስሞች መካከል የሷ አልነበረም፤ የደከመችበት የመለጠጥ ጥናት ግን ለእንዲህ ያለው የብረት ሥራ የሚያስፈልግ ነው። እንግዲህ ታሪክ ስናጠና የተጻፈውን ስም ቆጥረን ብቻ አንለፍ፤ ማን እንደ ቀረና በሩን ማን እንደ ዘጋበትም እንጠይቅ።