አራተኛው ፎቅ ላይ የከረሙት

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በ1969 ዓ.ም. ነው፤ ቦታውም ሩቅ ነው፣ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ በጸደይ ወራት እንኳ ኮት የሚያስደርብበት ከተማ። ቀኑ መጋቢት 27፣ የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር። በዚያን ዕለት በዊልቸር የሚሄዱ፣ በክራንች የሚደገፉ፣ በነጭ በትር መንገድ የሚዳስሱ፣ በምልክት ቋንቋ የሚነጋገሩ ሰዎች ከየሰፈራቸው ወጥተው ከአንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ደጃፍ ተሰበሰቡ፤ ንግግር ተደረገ፣ ተዘፈነ፣ ከዚያም ጁዲ ሂውማን የምትባል በዊልቸር የምትሄድ ወጣት ገብተን እንጠይቃቸው ብላ አስነሣቻቸውና በአሳንሰር እየተፈራረቁ አራተኛው ፎቅ ወጡ።

የመጡበት ጉዳይ አንድ ፊርማ ነው። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ አንቀጽ 504 ይሉታል። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚደርሰው ትምህርት ቤትም ሆነ ሆስፒታል ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከደጅ እንዳይመልስ የሚል ነው። ሕጉ ግን ማስፈጸሚያ ደንብ ያስፈልገዋል፣ ደንቡም የሚኒስትር ፊርማ ያስፈልገዋል፣ ፊርማውም አልመጣም። ኒክሰን ሄደ፣ ፎርድ መጣና ሄደ፣ ካርተር መጣ፤ የካርተር ሚኒስትር ጆሴፍ ካሊፋኖም እስቲ እንደገና ልየው አለ። ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የእኛም የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የተመቸ ይሁን ብሎ ደነገገ፤ በየደጃፉ የሚቀበለን ግን ደረጃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ይህች ጁዲ አንድ ዓመት ተኩል ሲሆናት የልጅነት ልምሻ የያዛት የብሩክሊን ልጅ ናት። ዕድሜዋ ለትምህርት ደርሶ እናቷ ወስዳ ልታስመዘግባት ብትሞክር፣ ርእሰ መምህሩ ዊልቸሯ ለእሳት አደጋ ያሰጋል ብሎ መለሳቸው። አድጋ፣ ተምራ፣ አስተማሪ ልሁን ብትል የኒው ዮርክ ትምህርት ቦርድም ያንኑ የእሳት ነገር አነሣባት፤ እሷም ከሰሰችና ክፍል ገብታ አስተማረች። እሳት እያሉ ሲመልሷት ያደገች ሴት አንድ ሚኒስትር እስቲ ልየው ስላለ ወደ ቤቷ የምትመለስ አልነበረችም።

መሸ። ከመቶ በላይ ሰው እዚያው ለማደር ቆረጠ። ወገኖቼ፣ ይህን ማደር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ ብዙዎቹ ቅያሪ ልብስ እንኳ አልያዙም፣ መድኃኒታቸው ቤት ነው፣ የሚያግዛቸው ሰው ቤት ነው። ከመካከላቸው ተኝቶ በራሱ መገላበጥ የማይችል አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሌሊት የሚያገላብጠው ካላገኘ ገላው ይቆስላል። ስለዚህ በዚያ ቢሮ ወለል ላይ መራመድ የሚችለው የማይችለውን እያገላበጠ፣ እጁ የሚታዘዝለት እጁ ያልታዘዘለትን እያጎረሰ፣ ማየት የተሳነው ማየት የሚችለውን በዊልቸር እየገፋ ሌሊቱ ነጋ። ቅዝቃዜ የሚፈልገውንም መድኃኒት አየር ማቀዝቀዣው ላይ ሣጥን በፕላስተር አጣብቀው እዚያ አኖሩት። ከዚያም ስልኩ ተቆረጠባቸው። ያን ጊዜ መስማት የተሳናቸው ወደ መስኮቱ ቀረቡና፣ ታች ለቆሙት ጓዶቻቸው በእጃቸው ወሬውን ሁሉ ነገሩ፣ መልሱንም ከታች ተቀበሉ። ፋሲካ እዚያው አለፈ።

በሌሎች ከተሞችም እንዲሁ የገቡ ነበሩ፤ ዋሽንግተን ላይ ምግብ እንዳይገባ ተከለከለና በማግስቱ ወጡ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይስ ማን አበላቸው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታሪኩን ሲነግሩ ብዙዎች ቶሎ የሚያልፉት ይህንን ነውና።

ከተቀመጡት መካከል ብራድ ሎማክስ የሚባል፣ ሕመም ሰውነቱን ያሰረበት፣ የጥቁር አሜሪካውያን የትግል ድርጅት የሆነው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል ነበር። ሎማክስ ኦክላንድ ሲኖር አውቶቡስ መሳፈር ሲያምረው ወንድሙ ከዊልቸሩ አንሥቶ፣ ተሸክሞ አውቶቡሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያም ወርዶ ዊልቸሩን ያመጣለታል። ቸክ ጃክሰን የሚባል ጓዱም አብሮት ገብቶ እሱንም ሌሎችንም ይረዳ ነበር። ፓርቲያቸው ይህን ሰማና ከኦክላንድ ድልድዩን እየተሻገረ በየቀኑ ትኩስ ምግብ ያመጣ ጀመር፣ ለሁለቱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ጠባቂዎቹ ሊከለክሏቸው ቢሞክሩ፣ ብትመልሱን በዝተን እንመጣለን ብለው እንዳስገቡ ይነገራል። ከንቲባው ጆርጅ ሞስኮኒም ፍራሽና የገላ መታጠቢያ ቱቦ ላከ። ደጃፉ ላይ የተደረገው ንግግር መልካም ነበር፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ያን ፎቅ ያቆመው የሌሊቱ ማገላበጥና የኦክላንድ ድስት ነው።

ከዚያም ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ ፊሊፕ በርተንና ጆርጅ ሚለር፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሸንጎ ተቀመጡ። ከዋሽንግተን የመጣው ሹም ደንቡ ላይ ሊደረጉ ስለታሰቡ ለውጦች አነበበና ወጥቶ ቢሮ ዘግቶ ተቀመጠ፤ በርተን ተነሥቶ በሩን ቢረግጥበት ጊዜ ተመለሰ። ጁዲም እንባ እየተናነቃት ተናገረች፤ የምንለውን ሳትረዳ ራስህን አትነቅንቅ አለችው። በርተን አለቀሰ።

ሚኒስትሩ ካልመጣ እኛ እንሂድ ተባለና ጥቂቶች ተመርጠው ወደ ዋሽንግተን በረሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የማሽን ሠራተኞች ማኅበር ሰዎች ጠበቋቸው፤ ይህን ሁሉ ዊልቸር የሚይዝ አውቶቡስ ስላልነበረ የተከራዩላቸው የዕቃ መኪና ነው። ዊልቸሮቹ አንድ በአንድ ተጫኑ፣ መዝጊያው ወረደ፣ ጨለመ፤ መኪናው በታጠፈና ፍሬን በያዘ ቁጥር እየተጋጩ፣ አንዱ የሌላውን ክንድ ጭምቅ አድርጎ ይዞ፣ የት እንዳሉ ሳያዩ ሄዱ። ሲወርዱ ሌሊት ነው፤ ሻማ አብርተው በሚኒስትሩ ቤት ደጃፍ ቆሙ።

ካሊፋኖ ሚያዝያ 20 ቀን ፈረመ። አራተኛው ፎቅ ያሉት ዜናውን ሲሰሙ ወዲያው አልወጡም፤ ከቆዩ አይቀር ብለው ሚያዝያ 22 ቀን፣ ከ25 ቀን ያህል በኋላ፣ እየዘፈኑ ወረዱ።

አንቀጽ 504 የመንግሥት ገንዘብ የማይደርሰውን ሱቅና ምግብ ቤት አይነካም ነበር፤ ለዚያ ሌላ ሕግ እስኪወጣ 1982 ዓ.ም. ደረሰ። ጁዲ ያን ሕግ አይታ፣ ረዥም ዕድሜም ኖራ በ2015 ዓ.ም. አረፈች። ሎማክስ ግን በ1976 ዓ.ም. ሞቶ ነበር። ዛሬ በእሱ ከተማ፣ በኦክላንድ፣ ብዙ ልጆቻችን ይኖራሉ፤ ጉልበቷን የታመመች እናታቸውን በዊልቸር ይዘው አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ነጂው መወጣጫውን ይዘረጋል፣ ዊልቸሩንም ቦታው ላይ ያስረዋል፣ እናትም በአማርኛ ትመርቀዋለች፤ እሱ አንድ ቃል ሳይገባው ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ መሪውን ይይዛል።