ለበጋ የለበሰች ሀገር

"የሀገር ልብስ" ሲባል መጀመሪያ ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው ምንድን ነው? ነጭ ነው። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ጋቢ። ጥለቱ ይለያይ ይሆናል፤ ጨርቁ ግን ያው ጥጥ ነው። እስቲ ይህንን ለብሳችሁ በሐምሌ አጋማሽ ከሜክሲኮ እስከ ሣር ቤት በእግራችሁ ሂዱ። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይጣበቃል። የቀሚሱ ጫፍ የመንገዱን ጭቃ ጠርጎ ይመጣል። ነጠላዋም ያኔ የምትለበስ ሳይሆን የምትጨመቅ ትሆናለች።

እኛን የገረመን ይኸው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዶፍ የሚወርድባት፣ ዋና ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በነሐሴ ማታ ጥርስ የምታንገጫግጭ ሀገር እንዴት የዝናብ ልብስ አይኖራትም? ወይስ ነበራትና ነው የረሳነው? መልሱን አስቀድመን እንናገር፦ ነበራት። ረስተነዋል። የረሳንበትም ምክንያት አለው።

በዓሎቻችን በጋ ናቸው

ትልልቆቹን የአደባባይ በዓላት ቁጠሯቸው። እንቁጣጣሽና መስቀል ክረምቱ ሲወጣ ነው የሚመጡት። ገናና ጥምቀት በደረቁ ወራት፣ ፋሲካም ገና ክረምቱ ሳይገባ። በክረምት መሃል የምናገኘው ፍልሰታን ነው፤ እሱ ጾም ነው። ቡሄም ቢሆን ክረምቱ ሊሰናበት ነው የሚል የምሥራች ተደርጎ ነው የሚታየው።

የደስታ ልብሳችን እንግዲህ የተሰፋው ለፀሐይ ነው። ሠዓሊው የሳለው፣ ፎቶ አንሺው ያነሳው፣ ለቱሪስት የተለጠፈው ፖስተር ላይ ያለው ይኸው የበዓል ልብስ ነው። ክረምት ግን የሥራ ወቅት ነው፤ የማረስ፣ የመዝራት፣ የማረም፣ ከብት የመጠበቅ። የሥራ ልብስን ማን ፎቶ ያነሳዋል? ማንስ ለልጅ ልጅ ያወርሰዋል? ስለዚህ ከልብሳችን ግማሹ ብቻ "ባህል" ተብሎ ተመዘገበ፤ ግማሹ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ስሙ እንኳ ጥላ ነው

"ጃንጥላስ?" ትሉን ይሆናል። ቃሉን ከፈል አድርጉና እዩት። "ጃን" በጃንሆይ እና በጃንሜዳ ውስጥ የምናገኘው ንጉሣዊ ቃል ነው፤ "ጥላ" ደግሞ ያው ጥላ ነው። ጃንጥላ ማለት የንጉሥ ጥላ እንጂ የዝናብ መከላከያ አይደለም። ለብዙ ዘመን በንጉሥ ራስ ላይ የሚዘረጋ የክብር ምልክት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ይህ ትርጉሙ አሁንም አለ፤ በጥምቀት ታቦት ሲወጣ በወርቅ ዘቦ ያጌጡት ጃንጥላዎች የሚዘረጉት ዝናብ በሌለበት በጥር ወር ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ጣሊያኖች "ኦምብሬሎ" የሚሉትም ሥሩ ጥላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጆናስ ሃንዌይ የሚባል ሰው በለንደን ጎዳና ጃንጥላ ይዞ መሄድ ሲጀምር ተሳልቀውበታል፤ ወንድ ልጅ ያንን መያዝ አያምርበትም ተብሎ ነበር። በኋላ ግን የለንደን ሰው ያለ ጃንጥላ አይታሰብም ሆነ። እኛም ጋ የንጉሡ ጥላ ርካሽ የፋብሪካ ዕቃ ሆኖ መጣና በየሰዉ እጅ ገባ። ደረጃው ዝቅ አለ ብሎ የሚቆጭ ካለ ይቆጭ፤ እኛ ግን ከታሪካችን ደስ ከሚሉት ለውጦች አንዱ ይመስለናል። ንጉሥ ብቻ ይጠለልበት በነበረው ጥላ ሥር ዛሬ ጎመን ሻጯም ትጠለላለች።

የሣር ቤት የለበሰ እረኛ

አሁን ወደ ረሳነው እንመለስ። ገሳን ያላየ አንባቢ ቢኖር፦ ከሣር ተጎንጉኖ የሚሠራ፣ ከራስ ጀምሮ ጀርባን ሸፍኖ የሚወርድ የዝናብ ልብስ ነው። በደጋው ሀገር እረኞች ይለብሱት ነበር። አሠራሩ የሣር ክዳን ቤት አሠራር ነው፤ ሣሩ ቁልቁል ይደረደራል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል፣ ውኃውም ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። እረኛው ዶፉ ሲመጣ ቁጢጥ ካለ ገሳው ትንሽ ጎጆ ይሆንለታል።

የገሳ ታሪክ ግን በአሠራሩ አያበቃም። ሣሩ ከየት ይመጣል? መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ቦታ አለ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ሰፊ የደጋ ሣር ምድር። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። የአካባቢው ሰዎች ይህንን መሬት ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቁት እንደኖሩ ይነገራል። (ይህ ቄሮ በቅርብ ዓመታት በፖለቲካው ከሰማነው ጋር ስም እንጂ ነገር አይጋራም።) ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፦ መሬቱ አንዳንዴ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ሣር አይታጨድም፣ የመረጧቸው ሰዎች ይጠብቁታል፣ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳም ይወሰዳል።

ልብ በሉ። አንድ እረኛ ከዝናብ እንዲድን አንድ ሀገር ሙሉ ሰው በሬውን ከሣር ላይ መከልከል ነበረበት። ገሳ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም፤ የስምምነት ውጤት ነበር። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ ከድሮው የመሬት ሥሪት ጋር የተሳሰረው የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ገበሬ ነፃነት እንደነበር አንክድም። ነገር ግን ከጭሰኝነቱ ጋር አብሮ የሄደ፣ ማንም ያላዘነለት እውቀት ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ነፍስ ዘርቷል። እረኛው ግን አሁን የሚለብሰው ላስቲክ ነው። ላስቲክ ይቀላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ይቀደዳል፣ ከውስጥ ያልባል፣ ሲጣልም አይበሰብስም።

ጥቁሩ የበግ ፀጉር

ሁለተኛው የረሳነው ልብስም የመንዝ ነው። የመንዝ በግ ፀጉረ ብዙ ነው፤ ፀጉሩ ተፈትሎ ባና ይሠራበታል፤ ከጥቁሩ ደግሞ በርኖስ። የበግ ፀጉር ከጥጥ የሚለይበትን ማንም የደጋ ሰው በገላው ያውቀዋል። ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። ፀጉሩ በተፈጥሮው ቅባት ስላለው ካፊያው ላዩ ላይ ይንከባለላል። ጋቢ ለምሽት ጨዋታ ነው፤ ለዝናብ በርኖስ ነው።

በርኖስ የስሙ ምንጭ አረብኛ ቢሆንም ከእኛ ጋር ከከረመ ቆይቷል። መኳንንቱ ለብሰውታል፣ ለሽማግሌና ለእንግዳ የክብር ስጦታ ሆኗል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ከነጩ ልብሳቸው በላይ ጥቁር ካባ ደርበው ነበር። ያንን ፎቶ የማያውቅ የለም። ነጩ በጥቁሩ ሥር ሲሆን ግርማው ምን ያህል እንደሚጨምር እዩት። ዛሬ ግን ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ የሀገር ልብስ ስትጠይቁ የሚዘረጋላችሁ በአብዛኛው ነጭ ጥጥ ነው።

እግርስ?

እስካሁን ስለ ራስና ስለ ትከሻ አወራን። በዝናብ የመጨረሻው ባለ ዕዳ ግን እግር ነው። የድሮ መኳንንት የጭቃ ጫማቸው በቅሎ ነበረች፤ ጭቃው የሚደርሰው ለበቅሎዋና ከኋላ በእግሩ ለሚከተለው አሽከር ነው። ለሕዝቡ ጫማ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ መጀመሪያ ከአሮጌ ጎማ የተሠራው በረባሶ፣ ከዚያ የላስቲኩ ኮንጎ ጫማ።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በደጋው፣ ዝናብ በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረጉት ጥናት ይህ የእግር ዝሆኔ ዓይነት ከትል ወይም ከትንኝ ሳይሆን ከአፈሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ከአፈሩ የሚመጡ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ይገባሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም ታማሚው "የዘር ነው፣ እርግማን ነው" እየተባለ ከሠርግም ከዕድርም ሲገለል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ግምት በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች እንዳለባቸው አሳይቷል። መከላከያው እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ እና ጫማ ማድረግ ነው። ይኸው ነው! እኛ ከተማ ተቀምጠን "ኮንጎ ያደረገ ፋራ" እያልን የሳቅንበት ጫማ ለስንት ሰው እግር እንደ ሆነ አስቡት።

ሌሎች የእረኛ ልብሳቸውን ምን አደረጉት?

ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ የምትባል ከተማ አለች፤ እንደ አዲስ አበባ ተራራ ላይ ያለች፣ 2,600 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያላት፣ ዝናባማና ብርዳማ። የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ሩዋና የሚባል ከበግ ፀጉር የተሠራ፣ ከትከሻ የሚጣል ልብስ አላቸው። ወንድሙ በርኖስ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ዛሬ ሩዋና የሀገር መለያ ሆኖ ከተሜውም በኩራት ይለብሰዋል። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1823 በሁለት ጨርቅ መሃል ጎማ አድርጎ ውኃ የማያስገባ ጨርቅ ሲያስመዘግብ፣ ስሙ በእንግሊዝኛ የዝናብ ካፖርት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ፊልም ላይ የምናደንቀው ባለ ቀበቶው ካፖርት ደግሞ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መኮንኖች ምሽግ ውስጥ የለበሱት ነው። እነዚህ ሁሉ ከብርድ፣ ከጭቃና ከሥራ ተወልደው ነው ዘናጭ የሆኑት። እኛ ግን የሥራውን ልብስ "የባላገር" ብለን ጣልነውና ከሳልባጅ ክምር ውስጥ የሌላ ሀገር ካፖርት እንፈልጋለን።

እንግዲህ ምን እንልበስ?

ገሳ ለብሳችሁ ቢሮ ግቡ አላልንም። ከገሳ የምንማረው ግን አለ፦ ውኃ የሚያንሸራትት ነገር ከላይ፣ ሙቀት የሚይዝ ከሥር። ጥጡ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ሹራቡ ከበግ ፀጉር ቢሆን ይመረጣል፤ ከላይ ወገብ የሚሸፍን የዝናብ ካፖርት ይደረብ። ቀሚስ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይበል። በቦቲ ጫማ አትፈሩ፤ ከረገጡት ጭቃ ይልቅ የሚያሳፍረው ቀኑን ሙሉ በእርጥብ ካልሲ መቀመጥ ነው። ነጠላም አይቀርም፤ ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ ይጓዝና የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለበስ።

ለልብስ ዲዛይነሮቻችን ደግሞ አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ጥለት በነጭ ላይ መደርደሩን ጥሩ አድርጋችሁ ችላችሁበታል። ከመንዝ በግ ፀጉር አንዲት ወጣት ሚኒባስ ተጋፍታ የምትሳፈርበት፣ ቀለል ያለ፣ ኪስና ቆብ ያለው አጭር በርኖስ መሥራት ያቅተናል? በጉ አለ። ፈታይዋም ሸማኔውም ገና አላለቁም። ክረምቱም እንደሆነ በየዓመቱ ሳይቀር ይመጣል። የጎደለው፣ ከሀገር ልብስ ተራ ያስወጣነውን ያንን ጥቁር ልብስ "ይሄም የሀገር ልብስ ነው" ብሎ የሚቀበል ሰው ነው። ከእኛ እንጀምር።