ድንጋይ ታግሦ ቤተ መንግሥት ያቃጠለው ሎርድ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1849 የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ሎርድ ኤልጊን በሞንትሪያል አንድ ሕግ አጽድቆ ከምክር ቤቱ ሲወጣ ሠረገላው ላይ የእንቁላልና የድንጋይ ናዳ ወረደበት። ሕጉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በሚበዙባት በታችኛው ካናዳ በ1837 እና በ1838 ዓመፅ ንብረታቸው ለወደመባቸው ነዋሪዎች ካሳ የሚሰጥ ነበር። ለዘውዱ ታማኝ ነን የሚሉት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ለዓመፀኛ ካሳ ሊከፈል ነው ብለው ተቆጡ። በዚያው ምሽት የምክር ቤቱን ሕንፃ አቃጠሉት፤ ከ20 ሺህ በላይ መጻሕፍት የያዘው ቤተ መጻሕፍትም አብሮ ነደደ።

ከአምስት ቀን በኋላ ኤልጊን ወደ ከተማው ሲመለስ ዳግመኛ ተወገረ። ሠረገላው ውስጥ የወደቀውን ድንጋይ በእጁ እንደያዘ ወደሚጠበቅበት ስብሰባ ገባ።

ወታደር አዝዞ ማስተኮስ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል ደም ቢፈስ ቂሙ እንደማይበርድ ገብቶታል። ከዚያ በፊትም በ1848 ምርጫ ያሸነፉት ላፎንቴንና ቦልድዊን መንግሥት እንዲመሠርቱ ፈቅዶ ነበር። ካናዳ ለሕዝብ እንደራሴ ተጠያቂ የሆነ አስተዳደር ያገኘችው በእሱ ዘመን ነውና ይህ ውለታው ሊካድ አይገባም።

ኤልጊን በስሙ ጄምስ ብሩስ ይባላል። አባቱ የፓርተኖንን የእብነ በረድ ቅርጻ ቅርጾች ከአቴንስ ነቅሎ ያስወሰደው መኮንን ነው። በ1816 ለእንግሊዝ መንግሥት በ35 ሺህ ፓውንድ ቢሸጣቸውም ገንዘቡ ያወጣውን ወጪ አልሸፈነለትም። ልጁ ከማዕረጉ ጋር የተዳከመ ሀብትና ዕዳ ወረሰ፤ በ1842 ጃማይካን ሊያስተዳድር የሄደውም ከዚህ ቤት ወጥቶ ነው።

በ1857 እንግሊዝ ከቻይና ጋር ጦርነት ላይ ሳለች ኤልጊን ወደዚያ ተላከ። በዓመቱ መጨረሻ የካንቶን ከተማ በመድፍ ልትደበደብ ስትል እንዳፈረ ለሚስቱ ጽፎላታል። ድብደባው ግን አልቀረም።

በ1860 እንግሊዛውያኑ ከፈረንሳይ ጦር ጋር ወደ ቤጂንግ ሲገሰግሱ፣ ለድርድር የሄዱ 39 ያህል እንግሊዛውያን፣ ሕንዳውያንና ፈረንሳውያን ተይዘው ግማሽ ያህሉ በእስር ሞቱ። ወታደሮቹ ዩዋንሚንግዩዋን የተባለውን የንጉሠ ነገሥቱን የበጋ ቤተ መንግሥት አስቀድመው ዘርፈውት ነበር። ኤልጊን ደግሞ ለእስረኞቹ ሞት ቅጣት እንዲሆን ኦክቶበር 18 እንዲቃጠል አዘዘ። 350 ሄክታር ገደማ ላይ የተንጣለሉት አዳራሾች፣ እልፍኞችና ቤተ መቅደሶች ለቀናት ነደዱ። የፈረንሳዩ መልእክተኛ ባሮን ግሮ በዚህ አልተባበርም ብሏል።

ኤልጊን ቅጣቱ በሕዝቡ ላይ ሳይሆን በንጉሠ ነገሥቱ ላይ እንዲያርፍ ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ አያሳምንም፤ የነደደው የትውልዶች የእጅ ሥራ ነበርና። ሞንትሪያል ምክር ቤቷን ስታቃጥል አንድ ጥይት እንዳይተኮስ የታገሠ ሰው፣ ቤጂንግ ላይ ሲደርስ ያ ትዕግሥቱ አልተከተለውም። ካናዳውያኑን እንደ ዜጋ ቆጠራቸው፤ ቻይናውያኑን ግን ትምህርት ሊሰጣቸው የሚገባ ባላጋራ አድርጎ አያቸው። ቃጠሎው ከታዘዘ ከስድስት ቀን በኋላ በተፈረመው ስምምነት በሆንግ ኮንግ አጠገብ ያለችው ካውሉን ለእንግሊዝ ተሰጠች።

በ1862 የሕንድ እንደራሴ ሆኖ ተሾመ፤ በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር 20 በሂማልያ ግርጌ በምትገኘው ዳራምሳላ አረፈ። በቻይናው ዘመቻ አንዱን ክፍለ ጦር የመራው ሮበርት ናፒየር ግን ገና ብዙ ዓመት ነበረው። በ1868 ጦሩን አሰልፎ መቅደላ ላይ ወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ወታደሮቹ የብራና መጻሕፍትን፣ ታቦታትንና ዘውዶችን ዘርፈው አምባውን በእሳት አጋዩት።