የ«ዌብ» ስያሜ ታሪክና የድርሰታዊ ፕሮግራም መሣሪያዎች ፍለጋ

ለአንድ ሙያዊ ጽንሰ ሐሳብ ስያሜ ሲመረጥ በቅድሚያ የሚታየው የፍች ትክክለኛነት ነው። ስያሜው ከዓመታት በኋላ ተፈልጎ ሊገኝ መቻሉ ግን እምብዛም አይታሰብበትም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የአንድ ስያሜ ታሪክ ተመርምሮ ለተርጓሚ የሚሰጠው ትምህርት ይቀርባል።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑት፣ ፕሮግራም ከሁሉ አስቀድሞ ለሰው አንባቢ የሚጻፍ ድርሰት ሊሆን ይገባል የሚለውን ሐሳባቸውን እ.ኤ.አ. በ1984 «ዘ ኮምፒዩተር ጆርናል» በተባለው መጽሔት አስረዱ። ለዚሁ ያዘጋጁት ሥርዓት «ዌብ» ይባላል። ደራሲው ማብራሪያውንና በፓስካል የሚጻፉትን ትእዛዞች በአንድ ሰነድ አዋሕዶ ያቀርባል። «ዊቭ» የተባለው መሣሪያ ከሰነዱ ለኅትመት የሚበቃ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ «ታንግል» የተባለው ደግሞ ለኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ለይቶ፣ ሰው ሊያነበው እስኪቸገር ድረስ አጠላልፎ ያወጣል። «ቴክ» የተባለው የኅትመት ማሰናጃ ፕሮግራም በዚህ ሥርዓት ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1986 በመጽሐፍ መልክ ወጥቷል።

የስያሜውን ምክንያት ክኑት ራሳቸው ገልጸውታል። በሦስት ፊደል ከሚጻፉት የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል ለኮምፒዩተር ሥራ ገና ካልዋሉት ጥቂቶች አንዱ «ዌብ» ነበር። ይሁን እንጂ ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት «ወርልድ ዋይድ ዌብ» ከ1991 ጀምሮ ለሕዝብ ሲዳረስ ቃሉን ጠቅልሎ ወሰደው። ዛሬ መሣሪያውን በዚህ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሌላውን እንጂ እሱን አያገኝም።

ስለዚህ ፈላጊው በተዛማጅ ስሞች መሄድ ይኖርበታል። ሲልቪዮ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1987 ሥርዓቱን ለ«ሲ» ቋንቋ ሲያስማሙት «ሲዌብ» ተባለ፤ ኖርማን ራምዚ ከ1989 ጀምሮ ያዘጋጁት፣ ለማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ የሚያገለግለው «ኖዌብ» ነው። የመጀመሪያዎቹ «ታንግል» እና «ዊቭ» ከ«ቴክ» ጋር በሚሠራጩት ስብስቦች ውስጥ ይገኛሉ። መሣሪያዎቹ አልጠፉም፤ የጠፋው ወደ እነሱ ያደርስ የነበረው ስም ነው።

ይህ ጉዳይ አማርኛንም ይመለከታል። «ድር» የሸማኔውንም የሸረሪቱንም ሥራ ስለሚያመለክት ለ«ዌብ» እጅግ የቀረበ አቻ ነው። ነገር ግን «ድረ ገጽ» ከተለመደ ወዲህ ሥርዓቱን «ድር» ብሎ መሰየም ያንኑ መሰናክል ወደ ቋንቋችን ማስገባት ይሆናል። በመሆኑም የተጸውዖ ስሙ «ዌብ» ተብሎ እንዲቀር፣ የመሣሪያዎቹ ተግባር ግን «መሸመን» እና «መተብተብ» ተብሎ እንዲተረጎም ሐሳብ ይቀርባል።

የጽንሰ ሐሳቡን ስም በሚመለከት «የተማረ ፕሮግራም» ማለት ስሕተት ነው፤ ክኑት ያሰቡት ሥነ ጽሑፍን ነውና «ድርሰታዊ ፕሮግራም» ይሻላል። ሆኖም በእንግሊዝኛው ውስጥ አንድ ቀልድ አለ፤ ፕሮግራሜ ማይም ነው ብሎ የሚያምን ማንም የለም። «ድርሰታዊ» ይህን ጉንተላ አይሸከምም። ተርጓሚው ጉድለቱን ዐውቆ በፍቺው ሥር ቢያሰፍረው ይመረጣል።